ጥቁር እንጨትና ቅርፊቱ

(በዘነበወርቅ ለማታ ትምህርት ተከታታዮች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ዛፍ ነው። ዛፉ ጥቁር እንጨት ይባላል። ከመካከላችሁ ብዙዎቹ ከእኛ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። የዘነበወርቅ ሰው ከየአገሩ የመጣ ነው። ይህ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ በ1920ዎቹ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ተቋቋመ። በ1958 ዓ.ም ደግሞ በዚያው ቦታ አለርት ተመሠረተ። ሕክምና ፍለጋ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከሌላም አገር የመጣ ገበሬ ብዙ ነው። ስለዚህ ጥቁር እንጨትን በየአገሩ ያየው ሰው እዚህ አይጠፋም።

እኛ ለማስተማር የዘመትን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ስለዚህ ዛፍ የምናውቀውን ግማሹን ከመጽሐፍ አነበብነው። ግማሹን ደግሞ እዚሁ ተማርነው። እዚህ የተማርነው ግን በሰው ንብረት ነው። እንዴት እንደሆነ እንንገራችሁ።

ቅርፊት የሚለው ቃል

እንደመጣን ሰሞን ነው። «ቅ» የሚለውን ፊደል እናስተምር ነበር። ምሳሌ የሚሆን ቃል ስንፈልግ «ቅርፊት» የሚለው መጣልን። ዕቃውን በእጅ ይዞ እያሳዩ ማስተማር ጥሩ ነው ተብለን ነበር። በምናድርበት ቤት ጓሮ አንድ ትልቅ ዛፍ ቆሟል። መጥረቢያ ይዘን ወጣን። ግንዱን ከላይ ዙሪያውን ቆረጥነው፤ ከታችም ዙሪያውን ቆረጥነው። ከዚያ በመካከል ያለውን ገፈፍነው። ወርዱ ሁለት ስንዝር ይሆናል። እንደ መቀነት ተፈትቶ ወጣ።

ማታ ቅርፊቱን ከፍ አድርገን ይዘን፦ «ይህ ምንድን ነው?» ብለን ጠየቅን።

«ቅርፊት!» አሉ ሁሉም።

አንድ አባት ብቻ ዝም አሉ። ቅርፊቱን ከእጃችን ተቀበሉን። አገላብጠው አዩት፤ አሸተቱት።

«የምን ዛፍ ነው?» አሉን።

«አናውቅም አባባ» አልናቸው።

«ጥቁር እንጨት ነው። ዙሪያውን ነው እንዴ የላጣችሁት?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ገድላችሁታል» አሉና ተቀመጡ።

አላመንናቸውም። ጠዋት ሄደን አየነው፤ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው። በሳምንቱም አየነው፤ አረንጓዴ ነው። እንዲያውም እርስ በርሳችን ተሳሳቅን። ክረምቱ አለፈ። በጋው ሲገፋ ግን ቅጠሉ ቢጫ መሆን ጀመረ። ቀንበጡ ከጫፍ ደረቀ። ጭቃና እበት ለውሰን ለጠፍንበት፤ ምንም አልረዳውም። ሚያዝያ ላይ ዛፉ ቆሞ ደረቀ።

ዛፉን የተከሉት የእማማ ባለቤት ነበሩ። እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። እማማ አልጮሁብንም። እንዲህ ብቻ አሉን፦

«ልጆቼ፣ ምነው ባትጠይቁኝ? ቤት ነበርኩ እኮ።»

ይህን የምንነግራችሁ ለመናዘዝ ብቻ አይደለም። እኛ ባለማወቅ ያደረግነውን ብዙ ሰው መድኃኒት ሲፈልግ ያደርገዋል። ዛፉንም እያጠፋው ያለ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ዛፉ ለምን ሞተ?

ዛፍ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ መንገድ በእንጨቱ ውስጥ ያልፋል። በዚህ መንገድ ውሃ ከሥር ወደ ቅጠል ይወጣል። ሁለተኛው መንገድ በቅርፊቱ የውስጥ ገጽ ያልፋል። በዚህኛው መንገድ ምግብ ከቅጠል ወደ ሥር ይወርዳል።

የዛፍ ምግብ የሚዘጋጀው በቅጠሉ ላይ ነው። ቅጠል በፀሐይ ብርሃን፣ በውሃና በአየር ምግብ ይሠራል። ሥር ከመሬት በታች ስላለ ፀሐይ አያገኝም። ስለዚህ የሚኖረው ቅጠሉ ሠርቶ በላከለት ምግብ ነው።

ቅርፊቱ ዙሪያውን ሲላጥ የምግቡ መንገድ ይዘጋል። የውሃው መንገድ ግን ክፍት ነው። ስለዚህ ቅጠሉ ለጊዜው ለምለም ሆኖ ይቆያል። ሥሩ በጎተራው ያከማቸውን ይበላል። ጎተራው ሲያልቅ ሥሩ በረሃብ ይሞታል። ሥሩ ከሞተ ውሃ የሚልክ የለም፤ ቅጠሉም ይደርቃል። እኛ ስንስቅ ዛፉ ከታች እየተራበ ነበር።

አንድ ጎን ብቻ ቢላጥስ? ያን ጊዜ በቀረው ቅርፊት በኩል ምግብ ይወርዳል። ዛፉ ይጎዳል እንጂ ብዙ ጊዜ አይሞትም። የተላጠውንም ቀስ እያለ ይሸፍናል። ልዩነቱ የሕይወትና የሞት ነው።

ጥቁር እንጨትን በምን እናውቀዋለን?

ጥቁር እንጨት የደጋና የወይና ደጋ ዛፍ ነው። ሲመቸው 30 ሜትርና ከዚያም በላይ ያድጋል። ስሙን ያገኘው ከቅርፊቱ ነው። ቅርፊቱ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ ሻካራና የተሰነጣጠቀ ነው። ቅጠሉ ወፍራምና አንጸባራቂ ነው፤ ጠርዙ ረቂቅ ጥርስ አለው። ቅጠሉን ከቀንበጡ የሚያያይዘው ቀጭን ዘንግ ቀላ ይላል። ዛፉ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። አበባው ትናንሽና ነጣ ያለ ሆኖ በዘለላ ይወጣል። ፍሬው ባቄላ ያህላል። ሲበስል ቀይ ይሆንና ወደ ጥቁር ቡናማ ይለወጣል። መራራ ነው።

በኦሮምኛ ሆሚ ይሉታል። በአንዳንድ ስፍራ ደግሞ ሙከ ራጃ ይሉታል። የሳይንስ ስሙ ፕሩነስ አፍሪካና ነው። ፈረንጆች የአፍሪካ ቼሪ ብለው ይጠሩታል።

ቼሪ ምንድን ነው? ቼሪ ቀይ፣ ድቡልቡልና የሚበላ ፍሬ ነው። የዱር ቼሪ በአውሮፓና በምዕራብ እስያ በጫካ ይበቅላል። ፍሬውን ወፍም ሰውም ይበላዋል፤ እንጨቱ ለቤት ዕቃ ይፈለጋል። የእኛ ጥቁር እንጨት የዚያ ዘመድ ነው። ኮክና ፕሪምም ዘመዶቹ ናቸው።

ዝምድናውን በአፍንጫችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። የኮክን ፍሬ በልታችሁ ጠንካራውን ዘር ስበሩት። በውስጡ ያለውን አሽትቱ። ከዚያ የጥቁር እንጨትን ቅጠል በእጃችሁ አሽታችሁ አሽትቱ። ሽታቸው ይመሳሰላል። ያ ሽታ ግን መርዝ መኖሩንም ይነግረናል። ስለዚህ ማሽተት እንጂ መቅመስ አያስፈልግም። ልጆችም የፍሬውን ዘር እንዳያኝኩ ንገሯቸው።

ሰፋ ያለውን ቤተሰብ ብንቆጥር ደግሞ ኮሶ፣ ቀጋና እንጆሪ ከጥቁር እንጨት ጋር ይዛመዳሉ። የኮሶን ነገር ኋላ እናነሣዋለን።

ጥቅሙ ምንድን ነው?

አንደኛ፣ እንጨቱ ጠንካራና ከባድ ነው። ለቤት ምሰሶ፣ ለበርና ለመስኮት፣ ለመጥረቢያና ለዶማ እጀታ ያገለግላል። ለማገዶም ጥሩ ነው። ክፋቱ፣ ጥሩ እንጨት በመሆኑ ብዙ ይቆረጣል።

ሁለተኛ፣ አበባው ለንብ ቀለብ ነው። ቀፎ ያለው ሰው ይህን ዛፍ በደጁ ቢያገኝ ይጠቀማል።

ሦስተኛ፣ ፍሬውን ወፎችና ጉሬዛ ይበሉታል። ወፎቹ ዘሩን ወስደው በሌላ ቦታ ይጥሉታል። አዲስ ዛፍ የሚበቅለው አንዳንዴ እንዲህ ነው። ስለዚህ ዛፉ ሲጠፋ የወፉ ምግብ ይጠፋል፤ ወፉ ሲጠፋ ደግሞ ዛፉን የሚዘራ ይጠፋል።

አራተኛ፣ ጥላ ይሰጣል፤ ነፋስ ይከላከላል፤ ሥሩ አፈር ይይዛል።

አምስተኛ፣ ቅርፊቱ መድኃኒትነት አለው። ዛፉን በዓለም ያስጠራውም ያስጠቃውም ይህ አምስተኛው ጥቅም ነው።

ቅርፊቱ በካሜሩን ምን አደረሰ?

ወንዶች ዕድሜያቸው ሲገፋ ፕሮስቴት የሚባለው እጢ ያብጥባቸዋል። ሽንት ይይዛቸዋል፤ ወይም ሌሊት ደጋግሞ ያስነሣቸዋል። የአውሮፓ መድኃኒት ሠሪዎች ከጥቁር እንጨት ቅርፊት ይህን ሕመም የሚያቀል መድኃኒት አወጡ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአውሮፓ ተሸጧል። ጥናቶች እንዳሳዩት ሕመሙን በመጠኑ ያቀላል። ካንሰር ያድናል የሚል ማረጋገጫ ግን የለም።

መድኃኒቱ ሲፈለግ ቅርፊቱ ተፈለገ። ቅርፊቱ በብዛት የተሸጠው ከካሜሩን፣ ከማዳጋስካርና ከኬንያ ነው። በካሜሩን ተራሮች ለቅርፊት አወሳሰድ ሥርዓት ነበረ። ከግንዱ ሁለት ተቃራኒ ጎኖች ብቻ ይላጣል፤ ሁለቱ ጎኖች ይቀራሉ። ቀሪዎቹ የሚላጡት ከዓመታት በኋላ፣ የተላጠው ሲያገግም ነው። ቀጭን ዛፍም አይነካም። ገንዘቡ ሲጣፍጥ ግን ሥርዓቱን የተወ በዛ። ዙሪያውን የሚልጥ መጣ። ሌላው ደግሞ ቅርፊቱን እስከ ጫፍ ለመውሰድ ዛፉን ከሥሩ ጣለው። በአንድ ቀን ብዙ ኪሎ አገኘ። በማግሥቱ ግን የሚላጥ ዛፍ አልነበረውም።

በዚህ ምክንያት በ1987 ዓ.ም ጥቁር እንጨት ንግዳቸው ቁጥጥር በሚደረግባቸው ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ዝርዝር ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ቅርፊቱን ያለ መንግሥት ፈቃድ ከአገር አገር መነገድ ክልክል ነው። ዛፉ ዛሬም ለመጥፋት ከተጋለጡት ዛፎች አንዱ ነው።

በእኛ አገርስ? እኛ አገር ዛፉን በብዛት የጎዳው ወደ ውጭ የተሸጠ ቅርፊት አይደለም። የእኛው መጥረቢያና የእርሻ መስፋፋት ነው። ከዘነበወርቅ ወደ ምዕራብ ስንመለከት የወጨጫን ተራራ እናያለን። በዚያ ተራራ ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉበት ይነገራል። በዚያ ደን ውስጥ ከጽድ፣ ከወይራና ከኮሶ ጋር ጥቁር እንጨትም አለ። በጎጃምና በጎንደርም ሜዳው ተራቁቶ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የቆመ ጥቁር እንጨት ይገኛል። በእነዚህ ቦታዎች ዛፉ የቀረው ጠባቂ ስላገኘ ነው።

መድኃኒትና መጠን

አሁን ወደ ኮሶ እንመለስ። ኮሶን የማያውቅ በመካከላችን የለም። ኮሶ ትል ያስወጣል። ነገር ግን ከመጠን አልፎ የተወሰደ ኮሶ ሰውን እንደሚጎዳ፣ እንደሚገድልም ታውቃላችሁ። ለነፍሰ ጡር እንደማይሰጥም ታውቃላችሁ። ስለዚህ «ከዛፍ የመጣ ነገር አይጎዳም» የሚለው አባባል ልክ አይደለም።

ጥቁር እንጨትም እንዲሁ ነው። በአንዳንድ አገር ቅርፊቱን ለቁስልና ለሆድ ሕመም ይጠቀሙበታል። በቤት የተቀቀለ ቅርፊት ግን መጠኑ አይታወቅም። ከአንዱ ዛፍ የተወሰደው ከሌላው ሊበረታ ይችላል። ቅጠሉና ዘሩ ደግሞ መርዝ አላቸው።

ሽንት የሚይዘው ሰው ምን ያድርግ? ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ሽንት ጨርሶ ከተያዘ ደግሞ ያን ቀኑኑ ይሂድ፤ አደር ማለት አደጋ ነው። ደም የቀላቀለ ሽንትም እንደዚሁ ነው። ይህ ሕመም የሚያሳፍር አይደለም። የዘነበወርቅ ሰው ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቃል። ሥጋ ደዌን ደብቆ ቤት የቀረው ጣቱንና ዓይኑን አጥቷል። ቶሎ ሐኪም ያየው ግን በመጠን በተሰጠ መድኃኒት ድኗል።

እንዴት እንተክለዋለን?

ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አውጥቷል። በጥቂት ዓመት ይደርሳል፤ ገንዘብ ይሆናል። ባሕር ዛፋችሁን ንቀሉ አንላችሁም። ነገር ግን በአጥሩ ጥግ፣ በጓሮው ዳር፣ ለሁለትና ለሦስት ጥቁር እንጨት ቦታ አይጠፋም። አተካከሉ እንዲህ ነው።

1. የበሰለውን ፍሬ ከዛፉ ወይም ከሥሩ መሬት ላይ ልቀሙ።
2. ሥጋውን በውሃ አሽታችሁ አጥባችሁ አስወግዱ፤ ዘሩ ይቅር።
3. ዘሩን በጥላ አናፍሱት። ፀሐይ ላይ አታስጡት።
4. ሳይቆይ ዝሩት። የጥቁር እንጨት ዘር እንደ ጤፍና እንደ ስንዴ ጎተራ አይወድም። ከደረቀና ከቆየ አይበቅልም። ብዙ ሰው ዘርቶ ያጣው በዚህ ምክንያት ነው።
5. ከሥሩ በተበሳ ቆርቆሮ ውስጥ ለም አፈር ጨምራችሁ ዝሩ። ጥላ ሥሩለት፤ አፈሩ እንዳይደርቅ አጠጡት። ለመብቀል ከወር በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ተስፋ ቆርጣችሁ አትድፉት።
6. ችግኙ ሲጠነክር በክረምቱ መጀመሪያ ትከሉት። ከከብትና ከፍየል እጠሩለት።

ዘር ያላገኘ ሰው ደግሞ በትልቁ ዛፍ ሥር ራሱ የበቀለ ትንሽ ችግኝ ከነአፈሩ አንሥቶ መትከል ይችላል። የጥብቅ ደን ከሆነ ግን ጠባቂውን አስፈቅዱ። ከእማማ የተማርነው አንዱ ነገር መጀመሪያ መጠየቅን ነው።

ዛፉ ለፍሬ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። «እስከዚያ ማን ይኖራል?» የሚል ይኖር ይሆናል። የእማማ ባለቤትም ሲተክሉት ይህን ሳያስቡ አልቀሩም። ቢሆንም ተከሉት። ጥላው እማማን ለብዙ ዓመት ከፀሐይ አዳናቸው።

የደረቀውን ዛፍ እማማ እስካሁን አላስቆረጡትም። እኛ ግን ከሌላ ዛፍ ሥር ዘር ለቅመን በሰባት የዘይት ቆርቆሮ ዘራን። አራቱ በቀሉ። በየማታው ከትምህርት በፊት ውሃ እናጠጣቸዋለን። እማማም ትናንት አንዱን ቆርቆሮ አንሥተው ወደ ጥላው አስጠጉት። «ፀሐይ በዛበት» አሉን። አሁን እንደ ድሮው ሳንጠይቅ የምንሠራው ነገር የለም።

እኛ አንድ ቀን ወደ ትምህርታችን እንመለሳለን። ችግኞቹ ግን እዚሁ ይቀራሉ። አደራ የምንላችሁ ሁለት ነገር ነው። ቅርፊት ሲያስፈልጋችሁ ከአንድ ጎን ጥቂት ውሰዱ እንጂ ዙሪያውን አትላጡ፤ ሌላውም እንዳይልጥ ንገሩት። የተቆረጠ ጥቁር እንጨት ስታዩ ደግሞ በቦታው አንድ ትከሉ።

 

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ቅርፊቱ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ቅጠሉ ለጊዜው ለምለም የሚሆነው ለምንድን ነው?
2. የጥቁር እንጨት ዘር እንደ እህል ዘር የማይከማቸው ለምንድን ነው?
3. በምትኖሩበት አካባቢ ጥቁር እንጨት አለ? ምን ብላችሁ ትጠሩታላችሁ? በልጅነታችሁ ከነበረው ስንቱ ቀረ?
4. ኮሶና ጥቁር እንጨት ስለ መድኃኒት መጠን ምን ያስተምሩናል?